የከለከልኩት ገመድ

ዕቃው አልተሰበረም። ይህን የማስቀድመው የእንጨት ሥራ ጥፋት ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ስብራትን ስለሆነ ነው። እኔ ያሠራሁት የስክሪን ማቆሚያ ዛሬም ውልፍት አይልም፤ ቫርኒሹ አልተላጠም፣ መጋጠሚያው አልላላም። የተጎዳው አንገት ነው። ጥፋቱም የእንጨቱ አይደለም፣ የአናጺውም አይደለም። አናጺው አስቀድመው ነግረውኝ ነበር።

ጉብሬ ከወልቂጤ ወደ እምድብር በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምር ግቢው እዚህ ስለሆነ የከተማዋ እንጀራ ከተማሪ ጋር ተሳሰረ። በሩ አካባቢ ያለው ሰፈር የሚኖረው በኪራይ ክፍል፣ በምግብ ቤት፣ በባጃጅ፣ በፎቶ ኮፒና በጽሕፈት ነው። እኔም እዚያው መካኒካል ምህንድስና ተምሬ፣ ተመርቄ፣ ሥራ ስፈልግ ከርሜ፣ በመጨረሻ ላፕቶፕ የምጠግንባት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ የቀረሁ ነኝ። ከጎኔ ያለው ጽሕፈት ቤት የእትዬ ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ» ነው የሚላቸው።

እትዬ በታይፕራይተር ዘመን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ እጃቸው አርፎ መቀመጥ እምቢ አላቸው። ተማሪ በእጁ የጻፈውን፣ አስተማሪ የሰረዘውን፣ ገበሬ ለፍርድ ቤት የሚያቀርበውን አቤቱታ ሁሉ ይተይባሉ። ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ ሆኖ ጣታቸው ብቻውን ይሮጣል፤ የድሮ የታይፕ ትምህርት ቤት ያወጣቸው ሰዎች እንዲያ ናቸው። ጀርባቸውም ቀጥ ያለ ነበር። «ነበር» ያልኩት ላፕቶፕ እስኪገዙ ስለነበር ነው።

ላፕቶፕ ሲፈጠር ጀምሮ አንድ ችግር ይዞ የመጣ ዕቃ ነው። ስክሪኑና ኪቦርዱ ተጣብቀዋል። ኪቦርዱ ለእጅ በሚመች ቦታ ሲቀመጥ ስክሪኑ ለዓይን ይወርዳል፤ ስክሪኑ ለዓይን ሲስተካከል ኪቦርዱ ደረት ላይ ይወጣል። አብዛኛው ሰው እጁን አስመችቶ አንገቱን ይሰብራል። የሰው ጭንቅላት አምስት ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ቀጥ ሲል አከርካሪው ይሸከመዋል፣ ሲያጎነብስ ግን የማጅራት ጡንቻ ጎትቶ ሊይዘው ይገደዳል። ኬኔት ሃንስራጅ የተባለ አሜሪካዊ የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ስሌት፣ ጭንቅላት 15 ዲግሪ ሲዘነብል አንገት ላይ የሚያርፈው ጫና 12 ኪሎ፣ በ60 ዲግሪ ደግሞ 27 ኪሎ ይደርሳል። ቁጥሩ የተገኘው በኮምፒውተር ሞዴል ነው፤ በሕያው ሰው አንገት ላይ ተለክቶ አይደለም። እኔ ግን ለደንበኛ ስናገር ይህችን የመጨረሻዋን ማብራሪያ እዘላት ነበር። 27 ኪሎ ሲባል ሰው አንገቱን ይዳብሳል፤ ገበያ ይደራል።

የእትዬ ሴት ልጅ መርካቶ ኤሌክትሮኒክስ መሸጫ ውስጥ ትሠራለች። እናቷ አንገቴን እያሉ ሲያስቸግሯት ተንቀሳቃሽ ሞኒተር ላከችላቸው። አሥራ አምስት ኢንች ተኩል የሚሆን፣ ክብደቱ ኪሎ የማይሞላ፣ በአንድ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር የሚገናኝ ስስ ስክሪን ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ለእጅ ይቀመጣል፣ ስክሪኑ ከኋላው ከፍ ብሎ ለዓይን ይቆማል። ችግሩ የሚያቆመው ነገር አለመኖሩ ነው። ጀርባው ላይ የብሎን ቀዳዳ ቢኖረው (የተለመደው ልክ 75 በ75 ወይም 100 በ100 ሚሊ ሜትር ነው) አንድ የብረት ክንድ ይያዝለት ነበር። የእሳቸው ቀዳዳ የለውም። አብሮት የመጣው ሽፋን ተጣጥፎ ይደግፈዋል፣ ግን ያው ጠረጴዛው ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ከውጭ የሚመጣ ማቆሚያ እንዳይገዛ ደግሞ ጊዜው ሌላ ሆኗል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲተመን ከተወሰነ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 አልፏል። አንድ የታጠፈ ብረት ለመግዛት ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ መተየብ እንዳለባቸው እትዬ ራሳቸው አስልተው ሳቁ።

«እኔ እሠራልዎታለሁ» አልኳቸው።

ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው አትሮንስን ያውቃል፤ ትልቁ መጽሐፍ የሚያርፍበት፣ ሁለት እግሩ ተሻግሮ የሚቆም፣ ሲነሣ የሚታጠፍ እንጨት። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ቁርኣን የሚያኖሩበት ተመሳሳይ ማስቀመጫ አላቸው። ንድፌን ከዚያ ወሰድኩ። ሁለት ክፈፎች ወገባቸው ላይ በአንድ ዘንግ ተያይዘው ይሻገራሉ፤ የፊተኛው ላይ ስክሪኑ እንዳይንሸራተት ቀጭን ማቆሚያ፣ የኋለኛው ላይ ስክሪኑ የሚደገፍበት ጀርባ። ሲታጠፍ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። በዚህ ንድፍ እስካሁን አላፍርም። አትሮንስ የሚሸከመው ብራና ከስክሪኑ በብዙ ይከብዳል፣ እግሩም ያን ችሎ ኖሯል።

ወረቀቱን ይዤ ጋሼ ጋ ሄድኩ። ጋሼ የሰፈራችን አናጺ ናቸው። ንድፉን አገላብጠው አዩት።

«ለማን ነው?»

«ለእትዬ።»

«እንግዲያው ትምጣና ወንበሯ ላይ እንደምትቀመጠው ተቀምጣ ልያት።»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ በሳይንስ የተለካ ነው። ሰው መለካት አያስፈልገውም።»

ሳቁብኝ። «እሺ ኢንጂነር። እኔ ግን በር ስሠራ መጀመሪያ የምለካው ግድግዳውን ነው።»

በሳይንስ የተለካ ያልኩት ይህ ነው፦ የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይን ትይዩ ወይም ጥቂት ዝቅ ይበል፣ ርቀቱ የክንድ ያህል ይሁን፣ ክርን ዘጠና ዲግሪ ገደማ ይታጠፍ። ደንቡ ውሸት አይደለም። ብዙ ቦታ ተጽፎ ይገኛል፣ ለብዙ ሰውም ይሠራል። ግን «ዓይን» ሲል የማንን ዓይን እንደሆነ ደንቡ አይናገርም፤ እኔ የራሴን አደረግሁት። ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ፣ ከጠረጴዛው እስከ ዓይኔ ያለውን በሜትር ለክቼ፣ ያንን ቁጥር ንድፉ ላይ ጻፍኩ። እትዬ ከእኔ በግማሽ ጭንቅላት ያጥራሉ። ይህን ለማወቅ ሜትር አያስፈልግም ነበር፤ በየቀኑ ሰላም የምላቸው ጎንበስ ብዬ ነው።

ጋሼ ግን ሁለተኛ ዕድል ሰጥተውኝ ነበር፤ ዛሬም የሚያንገበግበኝ ይህኛው ነው። ክፈፎቹን ሠርተው ሲያሻግሯቸው፣ እግሮቹ እንዳይዘረጉ ከታች የሚይዝ ነገር ያስፈልግ ነበር። እኔ በንድፉ ላይ አግድም የሚመታ ጠንካራ እንጨት አስቀምጫለሁ። እሳቸው ከግድግዳው ላይ የቃጫ ገመድ አወረዱ።

«ይሄን እሰርበት» አሉኝ። «ቋጠሮ ቋጠሮ እናበጅለታለን። ሲሻት ታላላዋለች፣ ሲሻት ታሳጥረዋለች።»

የተሻገረ እግር ያለው ዕቃ ሁሉ እንዲህ ነው። እግሩ ሲከፈት ቁመቱ ይወርዳል፣ ሲጠብ ይወጣል፤ ሲከፈት ደግሞ የተደገፈበት ነገር ይበልጥ ወደ ኋላ ይጋደማል። ገመዱ ቢታሰርበት አንዱ ዕቃ ለረጅምም ለአጭርም በሆነ። አግድሙን እንጨት ስመታበት ግን ለዘላለም አንድ ቁመት ላይ፣ በእኔ ቁመት ላይ፣ ቸነከርኩት። መካኒካል ምህንድስና ተምሬያለሁ እያልኩ፣ እጄ ላይ የነበረውን ብቸኛ ተንቀሳቃሽ ነገር አሰርኩት።

ለምን እምቢ እንዳልኩ ሰው ቢጠይቀኝ «ገመድ ይላላል፣ ጥንካሬ የለውም» እል ነበር። ይህን ለጋሼም ብያቸዋለሁ። እውነቱ ቃጫው አሳፍሮኝ ነው። ቃጫ የእንሰት ነው፤ ቆጮው ተፍቆ ሲወጣ የሚቀረው ጭረት። እኛ ቤት ከብት ይታሰርበታል፣ ማገር ይጠፈርበታል። ከመርካቶ የመጣ ስክሪን ሥር የቃጫ ገመድ ሲንጠለጠል ታየኝና፣ ተማሪዎቹ ሲስቁ ሰማኋቸው። ማንም አልሳቀም ገና፤ እኔ ነኝ ቀድሜ ያፈርኩት።

ከዚህም ዝቅ ያለ ነገር አለ። በጉራጌ አገር ያ የምንኮራበት ትልቅ ጎጆ፣ መካከሉ ላይ የሚቆመው ምሰሶ፣ ጣራው፣ ሁሉም የእንጨት ባለሙያ እጅ ነው። እነዚያ ባለሙያዎች ግን ለዘመናት መሬት እንዳይዙ፣ ከሌላው ጋር እንዳይጋቡ፣ ከማዕድ እንዳይቀርቡ ተደርገው ኖረዋል፤ ቤቱን ሠርቶ የሚሰጥ ሰው በቤቱ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ጋሼ ከየትኛው ወገን እንደሆኑ ጠይቄ አላውቅም፣ ዛሬም አልጠይቅም። የማውቀው እኔ ያን ንቀት ከትልልቆቹ ወርሼ፣ በዲግሪ ጠቅልዬ እንደያዝኩት ነው። ያንኑ ምክር አንድ መምህሬ ቢሰጡኝ ደብተሬ ላይ አሰፍረው ነበር። ሜትር የያዘ የሥራ ልብስ የለበሰ ሰው ሲናገረው ግን «ልምድ ነው» ብዬ አለፍኩት።

ማቆሚያው አማረ። ዋንዛ ነው፤ ቫርኒሹ ሲገባው የእንጨቱ መስመር ፈክቶ ወጣ። መጀመሪያ ላይ ጠንካራው የስክሪን ገመድ ወደ ጎን እየጎተተው ሊገለብጠው ነበር፤ ገመዱን ከእግሩ ጋር አሰርነውና ተወው። በእትዬ ጠረጴዛ ላይ ሳቆመው ሰው ተሰበሰበ። እትዬ መረቁኝ። እኔም በታተመ ወረቀት «በሳይንሳዊ ልክ የተሠራ» ብዬ ከጎኑ ለጠፍኩበት።

ከዚያ ሌላ አዘዙኝ፣ ከዚያም ሌላ። ተማሪዎች ከላፕቶፑ ጋር ለብቻው ኪቦርድ ገዝተው ላፕቶፑን ራሱን ይሰቅሉበት ጀመር። ጎረቤት ታይፒስቶች ገዙኝ። ከግቢው መምህራንም ገዙኝ። ጋሼ ይሠራሉ፣ እኔ ወረቀቴን እለጥፋለሁ። የሚያመነታ ደንበኛ ሲመጣ «ሂዱና እትዬን እዩ» እል ነበር።

እኔ ራሴ ግን አላየኋቸውም። ወይም አይቼ ሌላ ነገር መሰለኝ። ማቆሚያው ከገባ በኋላ እትዬ ወንበራቸው ላይ ትራስ አኖሩ። ብርድ ነው አልኩ። ትራሱ ሲያሳድጋቸው እግራቸው ወለሉን ለቀቀ፤ የፎቶ ኮፒ ወረቀት የሚመጣበትን ካርቶን ከሥር አስገብተው እግራቸውን አሳረፉ። ለቁርጥማት ነው አልኩ። ከመነጽራቸው ሥር ስክሪኑን ለማየት አገጫቸውን ቀና ያደርጋሉ፤ ኩሩ ሴት ናቸው አልኩ፣ ደስም አለኝ። እያንዳንዱ ነገር «አልመቸኝም» የሚል ነበር፤ እሳቸው በአፋቸው አላሉትም፣ በዕቃ ነበር የሚናገሩት።

ብጠይቃቸውስ? ጠይቄአቸዋለሁ። «እትዬ፣ ተመችቶዎታል አይደል?» ነበር ያልኩት። እንዲህ ተብሎ ለሚጠየቅ ሰው የሚቀረው መልስ አንድ ብቻ ነው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ» አሉኝ። አዎ አላሉም። ምስጋናውን እንደ አዎ ቆጥሬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ነገሩ የወጣው በመስቀል ነው። መስቀል ሲደርስ መርካቶ ያለው ሁሉ ወደ አገሩ ይገባል፤ የእትዬም ልጅ መጣች። የበዓሉ ግርግር እንዳለፈ እናቷ የቆየ ሥራ ሊጨርሱ ገቡ፣ እሷም አጠገባቸው ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ ድምፅዋ በግድግዳው አልፎ መጣ።

«እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው ጣራ ጣራ የምታዪው?»

ከዚያ እኔ ጋ ገባች። ቁጣ አልነበረባትም፤ ቢኖርባት ይሻለኝ ነበር። «መነጽሯ ሁለት ዓይነት መስታወት እንዳለው አታውቅም?» ብቻ አለችኝ።

አውቃለሁ። መነጽራቸው መካከል ላይ የምታልፈው መስመር ከሩቅ ትታያለች። አርባ ዓመት ካለፈ በኋላ የዓይን ሌንስ እየደረቀ ቅርቡን ማጥራት ያቅተዋል፤ ለሩቁም ለቅርቡም መነጽር የሚያስፈልገው ሰው ላዩ ለሩቅ፣ ታቹ ለቅርብ የሆነ መስታወት ይታዘዝለታል። ላዩ መንገድ ለማየት ነው፣ ታቹ መጽሐፍ ለማንበብ። ስክሪን ከዓይን ትይዩ ሲቆም በላይኛው መስታወት በኩል ይወድቃል፣ ፊደሉም ይደበዝዛል። ሰውየው በታችኛው ለማየት አገጩን ያነሣል፣ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ይወድቃል። ይህም አይበቃም፤ የታችኛው መስታወት የሚያጠራው አብዛኛውን ጊዜ መጽሐፍ የሚያዝበትን ርቀት እንጂ የክንድ ሙሉ ርቀት አይደለም፣ ስለዚህ ወደ ፊትም ይሳባል። አገጭ ተነሥቶ፣ አንገት ወደ ፊት ወጥቶ፣ ቀኑን ሙሉ። ማጎንበስ ጡንቻውን ይጎትተዋል፤ ይህኛው ደግሞ የማጅራትን ጡንቻ አሳጥሮ ያስረዋል፣ የአከርካሪውን የኋላ መገጣጠሚያ ይጫናል። ሁለት መስታወት ላለው ሰው ስክሪኑ ከተለመደው ደንብ ከሁለት ተኩል እስከ አምስት ሳንቲም ሜትር ዝቅ እንዲልና ወደ ኋላ ጋደም እንዲል ይመከራል። ይህም ያንን ደንቤን ካገኘሁበት ዓይነት ጽሑፍ ውስጥ፣ ጥቂት መስመር ዝቅ ብሎ የሚገኝ ነገር ነው። እኔ ላዩን አንብቤ ነው የሮጥኩት።

ዝቅ ይበል፣ ወደ ኋላ ይጋደም። ገመዱ ሲላላ የሚሆነው ይኸው ነው።

ማቆሚያውን ይዤ ጋሼ ጋ ሄድኩ። አልጠየቁኝም። አግድሙን እንጨት ፈቱ፣ ቃጫውን አሰሩበት፣ ቋጠሮዎቹን አበጁ፤ የሚፈላ ቡና ሳይደርስ አለቀ። «ነግሬህ ነበር» አላሉም። የገመዱን ሒሳብ ግን ተቀበሉኝ፤ አብዝተውብኝም መሰለኝ፣ ይገባኛል። ከዚያ አብረውኝ መጥተው እትዬን ወንበራቸው ላይ አስቀመጧቸው። ትራሱ ወጣ፣ ካርቶኑ ወጣ። እትዬ ራሳቸው ገመዱን ከቋጠሮ ቋጠሮ እያሻገሩ ሞከሩና የተስማማቸው ላይ አቆሙት። ከእኔ ቁጥር በብዙ ዝቅ ያለ ነበር። ወጣት ሳሉ እንሰት ሲፍቁ የሚደገፍበትን ሳንቃ ማንም ለማንም አዘንብሎ እንደማያቆምለት ነገሩኝ፤ እያንዳንዷ ሴት በእግሯ ርዝመት ልክ ራሷ ነበር የምታቆመው። ይህን ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር ማለት ነው።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«ልጅ ተደስቶ የሠራውን እንዴት ብዬ?» አሉ። «እኔም አጥፍቻለሁ።»

አላጠፉም። ይሉኝታቸውን እንደ ማስረጃ ተጠቅሜ ዕቃ ስሸጥበት የከረምኩት እኔ ነኝ።

ሕመሙ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ሐኪም ዘንድ ሄደው የአንገት መገጣጠሚያ መበላት እንዳለባቸው ተነገራቸው፤ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነው። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ሌላ ነገር ብል ውሸት ይሆናል። ማቆሚያው ባይኖርም ያማቸው ነበር ብዬ ለራሴ ነገርኩት፣ ምናልባትም እውነት ነው። ግን ያን ዓመት አንገታቸውን ሊያሳርፍ የመጣው ዕቃ ሲያደክማቸው ነበር የከረመው፤ ይህ ዕድሜ ያመጣው ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ አለማወቅ ነው፣ ይቅር ይባላል። ከዚህ በኋላ ያደረግኩት ግን እያወቅሁ ነው።

ለሌሎቹ አልነገርኳቸውም። የሸጥኳቸው ሁሉ አግድም እንጨት የተመታባቸው ናቸው፣ ሁሉም በእኔ ቁመት ናቸው፣ ሁሉም «በሳይንሳዊ ልክ የተሠራ» የሚል ወረቀት አለባቸው። ብናገር ገንዘቤን መልስ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ስሜ ይበላሻል ብዬም ፈራሁ። ስለዚህ ዝም ብዬ አዲሶቹን በገመድ ማሠራት ጀመርኩ፤ «አዲሱ ሞዴል፣ ከፍታው የሚስተካከል» አልኳቸው፤ ዋጋ ጨመርኩ። በቃጫ ያፈርኩት ሰው ቃጫውን በትርፍ ሸጥኩት። ጋሼ ያዩ ነበር። አንድ ቀን «የድሮዎቹስ?» አሉኝ፤ «እነሱ ደኅና ናቸው» አልኳቸው።

ከዚያ ቀደም ሲል የገዙኝ አንድ መምህር መጡ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ፣ መነጽራቸው እንደ እትዬ ባለ መስመር። ማቆሚያው ራስ ምታት እንደሚያመጣባቸው ነገሩኝ፤ እሳቸው ያማረሩት ግን ዕቃውን አይደለም፣ ራሳቸውን ነው። «እኔ አልለመድኩትም መሰለኝ» አሉ። ከዚያ አዲሱን ሞዴል አዩትና እሱን ልግዛ አሉኝ።

ሸጥኩላቸው። በራሴ ስሕተት ላይ ሁለተኛ ጊዜ አስከፈልኳቸው፣ አመስግነውኝም ሄዱ። ብሩን ስቆጥር እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህን የምጽፈው ሰው በደል ሲሠራ የሆነ ነገር ይሰማዋል ብዬ አስብ ስለነበር ነው። ምንም አልተሰማኝም። የተሰማኝ ማታ ሱቁን ስዘጋ፣ እሳቸው ትተውልኝ የሄዱትን አሮጌውን ማቆሚያ ሳነሣ ነው። ወረቀቴ ከጎኑ አለ። አግድሙን የያዙት ብሎኖች ዙሪያ እንጨቱ ተጭሯል። ሊፈቱት ሞክረው ነበር ማለት ነው። የገባቸው ነገር ነበር፤ ወረቀቱን አምነው ተዉት።

ገንዘቡን ይዤ ቢሯቸው ሄድኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። «ስገዛህ ለምን አልነገርከኝም?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የሁለቱንም ዋጋ ሰጠኋቸው፣ ተቀበሉኝ። አሁን መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታቸው አጭር ናት። ትክክል ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ጉብሬ ውስጥ ያሉትን አንድ በአንድ እያፈላለግኩ ነው። ታይፒስቶቹ ቅርብ ስለሆኑ ቀላል ነበር። አንዷ ሰደበችኝ፤ አንዷ አግድሙን እንጨት ቀድማ በመጋዝ ቆርጣ በፌስታል አስራ ስትሠራበት አገኘኋት። ከባዶቹ ተማሪዎቹ ናቸው። ተመርቀው ሄደዋል፤ ሆሳዕና፣ ጅማ፣ ቡታጅራ፣ አዲስ አበባ። የወጣት አንገት ይችለዋል፣ መነጽርም የላቸውም እያልኩ ልጽናና ሞክሬ ነበር። ነገር ግን ከእነሱ መካከል ከእኔ አጭር የሆኑ አሉ፤ ማቆሚያውን ለእናቱ ወይም ለአባቱ የሰጠም ይኖራል። ይህን የምጽፈው በዋናነት ለእነሱ ነው።

ማቆሚያው የእኔ ከሆነ ከታች ከፊተኛው እግር ወደ ኋለኛው የተሻገረ፣ በብሎን የተያዘ አግድም እንጨት አለው፣ ከጎኑም ወረቀቱ ወይም የወረቀቱ ሙጫ አለ። ገመድ ሳታስሩ ብሎኑን አትፍቱ፤ እግሩ ተዘርግቶ ስክሪኑን ይዞ ይወድቃል። መጀመሪያ ጠንካራ ገመድ ከፊተኛው እግር ወደ ኋለኛው አሻግራችሁ እሰሩ፣ ጥቂት ቋጠሮ አበጁለት፣ ከዚያ ፍቱ። እግራችሁ ወለሉን ረግጦ ተቀመጡ። ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ አንገታችሁ በራሱ በሚያርፍበት ይረፍ፣ ከዚያ ግለጡ። ዓይናችሁ ከስክሪኑ በላይ ካረፈ ገመዱን አጥብቁት፤ ከስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ብዙ ዝቅ ካለ አላሉት። መነጽሩ ሁለት መስታወት ያለው ሰው ከሆነ ግን ይህን ተዉት፤ ላይኛውን መስመር አገጩን ሳያነሣ እስኪያነብ ድረስ አላሉት፣ ያነበበ ቦታ ላይ አቁሙት። የሚወስነው የተቀመጠው ሰው ነው፣ አጠገቡ የቆመው አይደለም።

ወደ ጉብሬ የሚመጣ ሰው ካገኛችሁ ላኩልኝ። ገመዱን ጋሼ ያስሩበታል፣ ሒሳቡ የእኔ ነው። ማቆሚያውን አንፈልግም የምትሉም ላኩት፤ ገንዘቡን የምመልሰው በገዛችሁበት ዋጋ ሳይሆን ዛሬ በምሸጥበት ነው።